በሼፊልድ የሰፈር ፐቦችን መጎብኘት፦ ከባንኮኒው እስከ መዝጊያው ደወል

ሼፊልድ በመጣሁበት የመጀመሪያ ወር፣ ከቤቴ ጥግ ወዳለ አንድ አሮጌ ፐብ፣ ማለትም የእንግሊዞች የሰፈር መጠጥ ቤት፣ ገብቼ፣ ጠረጴዛ ይዤ፣ አስተናጋጅ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ማንም አልመጣም። አጠገቤ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሁኔታዬን ሲታዘቡ ቆይተው ኖሮ፣ ቀና ሳይሉ በአገጫቸው ወደ ባንኮኒው ጠቆሙኝ። የእንግሊዝ ፐብ ዋና ሕግ ያ ጥቆማ ነበር፤ ሁሉም ነገር፣ ማለትም ማዘዙ፣ መክፈሉ፣ ሰላምታውም ሆነ መሰናበቻው፣ የሚፈጸመው ባንኮኒው ላይ ነው። ይህን ያላወቀ እንግዳ ቤቱ የናቀው ይመስለዋል፤ ያወቀ ግን በአንድ ምሽት ውስጥ እንደ ጎረቤት ይቆጠራል።

ይህ መመሪያ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ከተማዋ ለመጣ አማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ ነው። አልኮል የማይቀምስ ሰውም ያለ ሥጋት ሊጠቀምበት ይችላል፤ በፐብ ውስጥ ሎሚናት ወይም ቡና ይዞ ማምሸት ማንንም አያስገርምም።

የትኛውን ሰፈር መምረጥ ይሻላል

ሼፊልድ በደቡብ ዮርክሸር የምትገኝ፣ ለዘመናት ቢላዋ ስትስልና ብረት ስታቀልጥ የኖረች ከተማ ናት። ከእቶን ፊት ቀኑን ሙሉ ላቡን ሲያፈስ የዋለ ሠራተኛ ከፋብሪካው በር እንደወጣ ጥሙን የሚቆርጥበት ቤት ያስፈልገው ስለነበር፣ በየመንገዱ ማዕዘን አንድ ፐብ ይገኝ ነበር። ከፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ ቢዘጉም ከፐቦቹ ብዙዎቹ ዛሬም ክፍት ናቸው። በእኛ አገር ለእነዚህ ቤቶች የሚቀርባቸው ሙዚቃ የሚያስጮኸው ቡና ቤት ሳይሆን ጠላ ቤቱ ነው፤ ደንበኛው በስሙ ይታወቃል፣ የሚቀመጥበት ቦታ ይታወቃል፣ ለሁለት ቀን ከቀረም «ምን ነክቶት ይሆን?» ይባላል።

ለመጀመሪያ ጉብኝት ኬልሃም አይላንድን እመክራለሁ። ስሙ «ደሴት» ቢልም ከዶን ወንዝ የወፍጮ ውኃ ለመሳብ ሰዎች በቆፈሩት ቦይ የተከበበ መሬት ነው። እዚያ በአልማ ጎዳና የሚገኘው ፋት ካት እ.ኤ.አ. በ1981 ዴቭ ዊኬት የሚባል ሰው የከፈተው ሲሆን፣ በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ፐቦች የአንድ ትልቅ ቢራ ፋብሪካ ይዞታ ሆነው የዚያኑ ፋብሪካ ቢራ ብቻ ሲሸጡ፣ እርሱ ከየትም ያመጣውን ጥሩ ቢራ መሸጥ ጀመረ። በ1990 ደግሞ እዚያው አጠገብ አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ አቋቋመ፤ የዚህ መጥመቂያ «ፔል ራይደር» የተባለው ቢራ በ2004 የብሪታንያ ምርጥ ቢራ ተብሎ ተሸልሟል። ከዚያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ በራስል ጎዳና የሚገኘው ኬልሃም አይላንድ ታቨርን የ2008 እና የ2009 የአገሪቱ ምርጥ ፐብ የሚል ማዕረግ በተከታታይ ያገኘ ቤት ነው። ሁለቱን ሽልማቶች የሰጠው በ1971 የተመሠረተው፣ ነባሩ የእንግሊዝ ቢራ እንዳይጠፋ የሚሟገተው ካምራ የተባለ የጠጪዎች ማኅበር ነው። የካምራን ምልክት በመስኮቱ የለጠፈ ቤት ካዩ፣ ቢያንስ ቢራውን በጥንቃቄ እንደሚይዝ ይገምቱ።

ቀደም ብለው ከደረሱ የኬልሃም አይላንድን ሙዚየም ይጎብኙ። እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራውና 12,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር እዚያ ይገኛል። እርሱን ያየ ሰው አጠገቡ ይህን ያህል ፐብ ለምን እንደተሠራ ማንንም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ምርጫ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ ያለው ሂሊ ነው። በለንደን ሮድ ላይ ያለው ኋይት ላዮን በሸክላ ሰድር ያጌጠ መተላለፊያና ትንንሽ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ሺፍ ቪው የተባለው ደግሞ የሰፈሩ ሰው የሚሞላው ቤት ነው። ጉልበት ያለው ጎብኚ ወደ ዎክሊ ወጥቶ ብሌክ ሆቴልን ማየት ይችላል፤ ስሙ ሆቴል ቢሆንም ፐብ ነው፣ የቆመበትም ዳገት ከመክፋቱ የተነሳ ለእግረኛ የእጅ መደገፊያ ብረት ተተክሎበታል። ወደ ላይ ሲወጡ ሳይሆን ሲመለሱ ነው የብረቱ ጥቅም የሚገባዎ። መሀል ከተማውን መልቀቅ ለማይፈልግ ሰው በቪክቶሪያ ጎዳና ያለው ባዝ ሆቴል አለ፤ የውስጥ ሥራው በ1930ዎቹ መጀመሪያ እንደተሠራ የተጠበቀ ስለሆነ በቅርስነት ተመዝግቧል።

በአንድ ምሽት ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ቤት በላይ አይግቡ። ስምንት ቤት አዳርሶ መመለስ እዚህም የሚታወቅ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ የዞረ ሰው አንዱንም ቤት አይቶታል ለማለት ያስቸግራል።

ቀንና ሰዓት

ፐብን ለማወቅ የተሻለው ጊዜ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ፣ በእንግሊዞቹ አቆጣጠር ከአራት ሰዓት ጀምሮ ነው። ቤቱ አይጨናነቅም፤ ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰው ስለ ቢራው ሲጠየቅ ለማስረዳት ጊዜ ይኖረዋል። ብዙ የሰፈር ፐቦች ሰኞ አይከፍቱም፣ ወይም በሥራ ቀናት የሚከፍቱት ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት የሚከፍቱበትን ሰዓት ከቤቱ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ዓርብና ቅዳሜ ምሽት ኬልሃም ይጨናነቃል።

የእግር ኳስ ቀን ሌላ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ሼፊልድ ዩናይትድና ሼፊልድ ዌንስዴይ በሚባሉ ሁለት ቡድኖች የተከፈለች ናት። የዩናይትድ ሜዳ ከለንደን ሮድ አጠገብ፣ የዌንስዴይ ደግሞ በሂልስቦሮ ነው። በጨዋታ ቀን በእነዚህ አካባቢዎች ያሉ ፐቦች በአንድ ወገን ደጋፊዎች ስለሚሞሉ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ማሊያ የሚመስል ልብስ ባይለብሱ ይመረጣል።

ይዘው የሚሄዱት

አልኮል ለመግዛት 18 ዓመት የሞላዎ መሆን አለበት፤ ብዙ ቤቶችም ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ፊታችን ከዕድሜያችን ያነሰ ለምንመስል ሰዎች ይህ ምስጋና ሳይሆን ችግር ነው፤ ፓስፖርት ወይም የእንግሊዝ መንጃ ፈቃድ ይያዙ፤ የተማሪ መታወቂያ በብዙ ቦታ አይበቃም። ክፍያ በአብዛኛው በካርድ ነው። መኪና ይዘው ከሆነ አንድ ሰው ፈጽሞ እንዳይጠጣ አስቀድመው ይወስኑ።

ወደ ኬልሃም ለመሄድ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው የትራም ማቆሚያ ወደ ማሊን ብሪጅ የሚሄደውን ሰማያዊ መስመር ተሳፍረው ሻልስሙር ላይ ይውረዱ። ከሌላ ከተማ በባቡር የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ከጣቢያው ሳይወጡ ሼፊልድ ታፕን ሊያዩት ይችላሉ። ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ ሲፈራርስ የቆየ የጥንት የባቡር ተሳፋሪዎች መስተንግዶ ክፍል የነበረ ሲሆን፣ ታድሶ በ2009 እንደገና ተከፍቷል፤ እንጨቱና ሰድሩ ብቻ መታየት የሚገባው ነው።

መግባትና ማዘዝ

በሩን ከፍተው ሲገቡ ወደ ጠረጴዛ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ይሂዱ። አንድ ሰው «ኧይ አፕ» ወይም «ናው ዘን» ሊልዎ ይችላል። ሁለተኛው ቃል በቃል ሲታይ ትርጉም ባይሰጥም፣ ሁለቱም በዮርክሸር አነጋገር «እንዴት ነህ» እንደማለት ናቸውና፣ ያንኑ መልሶ ማለት ወይም ራስን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ባንኮኒው ላይ የሚያገለግሉዎ ሰው፣ ወንድም ይሁኑ ሴት፣ «ላቭ» ብለው ሲጠሩዎ አይደንግጡ። ገበያ ውስጥ ያለች እናት «የኔ ልጅ» ብላ እንደምትጠራን ያለ የአካባቢው አነጋገር ነው፤ በዚህ ከተማ ወንድ ለወንድም ይለዋል።

ባንኮኒው ፊት ሰልፍ አይታይም፤ ተራ ግን አለ። ሰዎቹ ወደ ጎን ተደርድረው ይቆማሉ፤ ሁሉም ከእርሱ በፊት ማን እንደደረሰ በልቡ ይይዛል። እርስዎ ሲደርሱ ማን ማን እንደቆመ ልብ ይበሉ። አሳላፊው ቀድሞ ወደ እርስዎ ቢመጣና አንድ ሰው ቀድሞዎት ከነበረ፣ በእጅዎ ወደዚያ ሰው ያመልክቱ። በፐብ ውስጥ እንግዳን በአንድ ጊዜ የሚያስከብር ድርጊት ቢኖር ይህ ነው። በአንጻሩ ማፏጨት፣ ማጨብጨብ፣ ገንዘብ ወይም ካርድ አንስቶ ማውለብለብ ስድብ ያህል ይቆጠራል፤ አሳላፊውን በዓይን መፈለግ በቂ ነው።

በባንኮኒው ላይ ቆመው የሚያዩዋቸው ረጃጅም የእንጨት መያዣዎች የእጅ ፓምፖች ናቸው። በሥራቸው የሚወጣው ቢራ፣ ካስክ ኤል የሚባለው፣ የዚህ ጉብኝት ዋና ምክንያት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተጣርቶ ጋዝ ተነፍቶበት ከሚመጣው ድራፍት በተለየ፣ ይህ ቢራ ከእርሾው ጋር በበርሜል ወደ ፐቡ ምድር ቤት ይወርድና መብላላቱን እዚያው ይጨርሳል። በርሜሉ ሳይነቃነቅ ተጋድሞ አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅ አለበት፤ የጠላ ጋን ያሳደገው አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ጌሾ ለጠላችን የሚሰጠውን ምሬት ለዚህኛው የሚሰጠው ሆፕ የተባለው ተክል ነው።

ሁለት ነገር እንግዳን ያሳስታል። አንደኛው ሙቀቱ ነው። ካስክ ኤል የሚቀዳው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሆን የምድር ቤት ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ በበረዶ ለቀዘቀዘ ቢራ የለመደ ሰው «ሞቋል» ብሎ ሊመልሰው ይዳዳዋል። አልሞቀም፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት፤ ከዚህ በላይ ቢቀዘቅዝ ጣዕሙ ይደበቃል። ሁለተኛው ጋዙ አነስተኛ መሆኑ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ግን በፓምፑ አፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቆብ ስለሚገጥሙ፣ ቢራው እንደ ወተት የወፈረ አረፋ ይዞ ይወጣል። የደቡብ ሰዎች ይህን አይወዱትም፤ በሼፊልድ ሆነው የእነርሱን ወገን ባይይዙ ይሻላል።

ስሞቹን በአጭሩ ለማለፍ፣ ፔል ኤል ፈዘዝ ያለ ወርቃማና ቀለል ያለ፣ ቢተር ቡናማና መረር ያለ፣ ማይልድ ጠቆር ያለና ለስላሳ፣ ስታውትና ፖርተር ደግሞ እንደተቆላ ቡና የጠቆሩ ናቸው። ከመምረጥዎ በፊት «ካን አይ ትራይ ኤ ቴስት?» ብለው ቢጠይቁ በትንሽ ብርጭቆ ያስቀምሱዎታል፤ አንዱን ወይም ሁለቱን ቀምሶ መምረጥ ደግ ነው፤ ስድስቱን ቀምሶ ሎሚናት ማዘዝ ግን አይደለም። የአልኮል መጠኑ በፓምፑ ላይ ተጽፏል፤ ከ4 በመቶ አካባቢ ያለውን ይምረጡ።

መለኪያው በሕግ የተወሰነ ነው። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር፣ ግማሹ 284 ነው፤ አንዳንድ ቤት ሲሶም ይቀዳል። ለመቅመስ የወጣ ሰው ግማሽ ፓይንት ቢያዝ ጥበብ ነው፣ ወንድነትንም አይቀንስም። አረፋው በዝቶ ፈሳሹ የጎደለ ከመሰለዎ ብርጭቆውን መልሰው እንዲሞሉልዎ በጨዋነት ይጠይቁ፤ ይህ የታወቀ መብት ነው። ቢራው የኮምጣጤ ሽታ ካመጣም በርሜሉ ከተከፈተ ብዙ ቀን ሆኖታል ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይጠጡት ወደ ባንኮኒው ይመልሱት፤ ጥሩ ቤት ያለ ክርክር በሌላ ይለውጥልዎታል። ግማሹን ጠጥቶ መመለስ ግን አያስኬድም።

ሂሳብ የሚከፈለው ወዲያው፣ ሲቀዳ ነው። ጉርሻ የግድ አይደለም። አሳላፊው ካስደሰተዎ «ኤንድ ዋን ፎር ዮርሰልፍ» ይበሉ፤ የአንድ መጠጥ ዋጋ በሂሳብዎ ላይ ጨምሮ ለራሱ ይይዘዋል። ገንዘብ ከማስጨበጥ ይልቅ ይህ የተከበረ መንገድ ነው። ብርጭቆዎን እንደተቀበሉም ከባንኮኒው ፊት ዞር ይበሉ፤ ከኋላዎ የሚጠብቅ አለና።

የዙር ሥርዓት

የእኛን ሰው ከምንም በላይ የሚያሳስተው ይህ ነው። በእኛ ልማድ የጋበዘ ይከፍላል፤ ካልሆነም ሂሳቡ ሲመጣ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ» እየተባባልን እንታገላለን። በፐብ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሂሳብ ስለሌለ ትግሉም የለም። ከአራት ሰዎች ጋር ከሄዱ አንዱ ተነስቶ ለሁሉም ገዝቶ ይመጣል፤ ያ አንድ ዙር ነው። ብርጭቆዎቹ ወደ መጨረሻቸው ሲቃረቡ ሌላው ይነሳል። ማንም ለማንም «ተራህ ነው» አይለውም፤ ነገር ግን ሁሉም ይቆጥራል። የሌሎችን ዙር ጠጥቶ የራሱ ሳይደርስ የሚሄድ ሰው ለዓመታት የሚነገር ስም ያተርፋል።

ስለዚህ ቀድመው የሚሄዱ ከሆነ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነው ይግዙ። አልኮል የማይጠጡ ቢሆኑም በዙሩ መግባት ይችላሉ፤ ለእርስዎ ሎሚናት ይገዙልዎታል፣ እርስዎም ለእነርሱ ቢራ ይገዛሉ፤ የዋጋው ልዩነት አይታሰብም። ቢራ መግዛት ከእምነትዎ ጋር የሚጋጭ ከሆነ ወይም በልክ መጠጣት ከፈለጉ፣ ገና ሲጀመር «አይ ዊል ጌት ማይ ኦውን» (የራሴን ራሴ እገዛለሁ) ማለት ነው፤ ማንም አይቀየምም። ከዚህ ላይ የኛ ሰው ልግስና ያመጣውን ስሕተት ልጨምር፤ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዙር ተከታትሎ መግዛት ቸርነት መስሎ አይታይም፤ ሌሎቹን ባለዕዳ ስለሚያደርግ ያሳፍራቸዋል። እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛል፣ ገንዘቡም ቀላል አልነበረም።

መቀመጥና ማውራት

ባዶ ወንበር ሲያዩ «ኢዝ ዚስ ቴክን?» ብለው ይጠይቁ። ከባንኮኒው ጫፍ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ብዙውን ጊዜ ያልተጻፈ ባለቤት አለው። ባንኮኒው አጠገብ የቆመ ሰው መወያየት እንደማይጠላ ይቆጠራል፤ ጥግ ይዞ ጋዜጣ የሚያነበው ግን ይተው። ንግግር የሚከፈተው በአየር ሁኔታ፣ በቢራው ወይም ከጠረጴዛ ሥር በተኛው ውሻ ነው፤ ውሻ በእነዚህ ቤቶች ውስጥ እንደ ማንኛውም ደንበኛ መግባቱን የማይወድ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ሥራህ ምንድን ነው፣ ደመወዝህ ስንት ነው፣ አግብተሃል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ለሦስተኛው ወይም ለአራተኛው ቀን ይቆዩ። በፋት ካት ንግግር መክፈቻ ካጡ ሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ዶን ወንዝ ሞልቶ ሰፈሩን ሲያጥለቀልቅ የት እንደነበሩ ነባሮቹን ይጠይቋቸው፤ የሚቀጥለውን ሰዓት እነርሱ ይሞሉታል።

ምግብና ጾም

በብዙ የሰፈር ፐቦች የሚገኘው ከቆርቆሮና ከከረጢት የሚወጣ ቁርስራሽ ነው፤ አንዳንዶቹ የእሑድ ጥብስ ያዘጋጃሉ። ፖርክ ስክራቺንግስ የሚባለው የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ነው፤ ፖርክ ፓይም አሳማ ነው። ጨው ብቻ ያለበት ድንች ጥብስ ለጿሚ ይሆናል። ዓሣን ጭምር የሚጾሙ ሰዎች አንድ ነገር ቢያውቁ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ካስክ ኤል የሚጠራው ከዓሣ የአየር ከረጢት በሚገኝ ኢሲንግላስ በተባለ ነገር ነው። ይህን የማይጠቀሙ ጠማቂዎች ቢራቸውን «አንፋይንድ» ብለው ይሸጣሉ፤ ደመናማ መስሎ ይታያል፣ አልተበላሸም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ለሚመጣ ሰው

ጉብኝትዎ ከፈረንጆች ገና በፊት ባሉት ሳምንታት ከሆነ፣ ከተማዋን ትተው በስተምዕራብ ወዳለችው ዳንግዎርዝ መንደር፣ ሮያል ሆቴል ወደሚባለው ፐብ ይሂዱ። ከኅዳር 11 በፈረንጆች አቆጣጠር ቀጥሎ ካለው እሑድ ጀምሮ እስከ ገና ማግስት ድረስ፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ሞልቶ የገና መዝሙር ይዘመራል። መዝሙሮቹ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይሰሙ የአካባቢው ዜማዎች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቤተ ክርስቲያኖቹ ሥርዓታቸውን ሲያድሱ እነዚህን ዜማዎች ከአገልግሎት አስወጧቸው፤ ዘማሪዎቹም ወደ ፐብ ይዘዋቸው ገቡ፣ እስከ ዛሬም አልወጡም። «እረኞች በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ» የሚለው አንድ ግጥም ብቻ በብዙ የተለያየ ዜማ ይዘመራል። ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው፣ ብርጭቆ በእጁ የያዘ ገበሬ ዓይኑን ጨፍኖ ሲዘምር ሲያይ መጀመሪያ ግር ሊለው ይችላል፤ ግጥሙ ሲገባው ግን ግርታው ይለቀዋል። ቦታ ለማግኘት ቀደም ብለው ይድረሱ፤ በዝማሬው መሀል አያውሩ፤ የሚጠጣ ነገር ለማዘዝም መዝሙሩ እስኪያልቅ ይጠብቁ።

መሰናበት

ከመዘጋቱ በፊት ደወል ይደወልና «ላስት ኦርደርስ» ይባላል፤ ይህ የመጨረሻ ማዘዣ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው «ታይም፣ ፕሊዝ» ደግሞ ሽያጩ ማብቃቱን ያሳያል። የያዙትን ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል፤ ተጨማሪ እንዲቀዱልዎ ግን አይለምኑ፣ ፈቃዳቸውን የሚያሳጣ ጉዳይ ነው። ማጨስ ከፈለጉ ከ2007 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደው ደጅ ብቻ ነው፤ ብርጭቆ ይዘው ወደ ጎዳናው አይውጡ። የመጨረሻው ትራም የሚነሳበትን ሰዓት ገና ሲገቡ በስልክዎ ላይ ያስመዝግቡ። ሲወጡ ባዶ ብርጭቆዎን ጠረጴዛው ላይ አይተዉ፤ ወደ ባንኮኒው ወስደው ያስቀምጡና «ታ» ይበሉ፤ በዚህ አገር አመሰግናለሁ ማለት ነው። «ታ፣ ላቭ» ብለው ይመልሱልዎታል፤ ከፋት ካት በር እስከ ሻልስሙር ማቆሚያ ያለው መንገድም የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው።